ኤተርና ጠበል

ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ አንድ አናጢ ደጁ ላይ ቁምሳጥን አቁሞ ቫርኒሽ ይቀባ ነበር። ሽንኩርቴንና ጎመኔን በዘንቢል አንጠልጥዬ፣ ጉልበቴን እያባበልኩ ዳገቱን ስወጣ ሽታው መጣና እግሬን ያዘው። ጣፈጥ የሚል፣ ጉሮሮ የሚከረክር፣ ቶሎ ከልብስ የማይለቅ ሽታ ነው። ሌላው መንገደኛ አፍንጫውን ይዞ ያልፋል፤ እኔ ዘንቢሌን መሬት አስቀምጬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ሳብኩት። አናጢው ብሩሹን እንደያዘ፣ ቁምሳጥን ፈልጌ እንደሆነ ጠየቀኝ። ያሉኝ ቀሚሶች ሚስማር ይበቃቸዋል፤ ለጡረተኛ ቁምሳጥን ምን ያደርጋል። ሽታውን ብዬ ነው ስለው ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና ወደ ሥራው ተመለሰ። አልፈረድኩበትም። ይህ ሽታ ወጣትነቴ ነው ብዬው ቢሆን ኖሮ የባሰ ይታዘበኝ ነበር።

ቤቴ ስደርስ ደግሞ የጎረቤቴ ልጅ ሕይወት በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። ሕይወት ነርስ ናት። አሁን ሰመመን ሰጪ ለመሆን ትምህርት ልትገባ ነው፤ ሰው ኦፕራሲዮን ሲደረግ የምታስተኛው፣ እስኪነቃም እስትንፋሱን የምትጠብቀው እሷ ልትሆን ነው። እኔም ዕድሜዬን የጨረስኩት በዚሁ ሥራ ስለሆነ ምክር ፈልጋ መጣች፤ አስገብቼ ሻይ ቀዳሁላት። ስልኳን ከፍታ፣ ለመጻፍ ጣቷን አዘጋጅታ፣ «እትዬ የሻረግ፣ ከመሄዴ በፊት ምን ልዘጋጅ?» አለችኝ። የመጽሐፍ ስም እንድነግራት ነበር የጠበቀችው። እኔ የዛሬዎቹን መጻሕፍት የት አውቄ። ያ ሽታ ከአፍንጫዬ ገና አልወጣም ነበርና አፌን ስከፍት የመጣው የአቶ ታፈሰ ነገር፣ የአባቴ ነገር፣ የዚያ ዘመን ደብረ ማርቆስ ነገር ሆነ። ልጅቷ ጨዋ ናት፤ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ አዳመጠችኝ።

ያኔ ከገበያው እስከ ሆስፒታሉ በር ያለው መንገድ ክረምት ሲገባ ጫማ ያስወልቅ ነበር። ነጭ የሸራ ጫማችንን በላስቲክ ጠቅልለን በብብታችን ይዘን፣ በቦቲ ጭቃውን ተሻግረን፣ ግቢ ስንደርስ እንቀይራለን። ጫማው ሲያድፍ በጠመኔ እናነጣዋለን፤ ስንራመድ ከኋላችን ነጭ ዱቄት እያራገፍን ነበር የምንሄደው። ቆባችንን በስታርች አድርቀን፣ በከሰል ካውያ ተኩሰን፣ ዝናብ እንዳያገኘው ከልጅ የባሰ እንሳሳለት ነበር። የወንዶቹ ሱሪ ታቹ ሰፍቶ መንገድ ይጠርጋል፤ ፀጉራቸው ላይ ሚዶ ሰክተው የሚሄዱም ነበሩ። ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት ባለችው ሻይ ቤት ሻይ በአሥር ሳንቲም ይጠጣል፤ ስሙኒ የያዘ ፓስቲ ጨምሮ ይጋብዛል። ሬዲዮኑ ባለቤቷ የምትወደውን ዘፈን ከጀመረ ግን ሻዩ ይቆያል፤ ማንቆርቆሪያዋን እንደያዘች ቆማ ነው የምታዳምጠው፤ እኛም ተረኛ ሆነን እንኳ ዘፈኑ እስኪያልቅ ማንም አይነሣም። እኔ ስገባ ደግሞ «መጣች፣ ልታስተኛን» ብላ መስኮት ትከፍታለች። ኤተር፣ ያ እንደ ቫርኒሽ የሚሸት የማስተኛ መድኃኒት፣ ፀጉር ውስጥ ይገባል፤ ታጥቦም አይለቅም። ነጠላዬም፣ ትራሴም ኤተር ኤተር ይል ነበር።

አቶ ታፈሰ የሆስፒታሉ ብቸኛ ሰመመን ሰጪ ነበሩ። አጭር፣ ደንደን ያሉ፣ ነገር የሚያውቁ ሰው። አዲስ አበባ ሄጄ እንድማር ተመርጬ ስለነበር ጉዞዬ እስኪደርስ እሳቸው ዘንድ እንድለማመድ ተመደብኩ። መርፌ የሚያስይዙኝ መስሎኝ ስገባ ያስያዙኝ አገጭ ነው። ሰው ራሱን ሲስት ምላሱ ወደ ኋላ ይወድቅና መተንፈሻውን ይዘጋበታል፤ ስለዚህ ከጆሮው ሥር መንጋጋውን በትንሿ ጣት ሳብ አድርጎ፣ ማስኩን በሌሎቹ ጣቶች ገጥሞ፣ ኦፕራሲዮኑ እስኪያልቅ ድረስ መያዝ ነው። ሲያዩት ቀላል ነው። ቤቴ ስገባ ግን እንስራ ማንሣት ያቅተኝ ነበር። አንዳንዴ እጄ ከማስኩ ላይ እንዳለ ዓይኔን ያስጨፍኑኝና፣ አሁን በሽተኛው ምን እያደረገ ነው ብለው ይጠይቁኛል። እስትንፋሱ መፍጠኑን፣ መቀነሱን፣ መቆራረጡን በመዳፌ መመለስ ነበረብኝ። ሰው ማስተኛት እንዴት ያለ ትልቅ ነገር ነው ብዬ የተደነቅሁ ለት ሳቁብኝ። «ማስተኛትማ አረቄም ያስተኛል» አሉኝ፣ «ሙያው መጠበቁ ነው።» ዛሬ ጣት ላይ የምትቆነጠጥ ትንሽ መሣሪያ አለች፤ እስትንፋስ ሲያንስ ትጮሃለች። ሕይወት የምታምነው እሷን ነው፤ እኔም አምናታለሁ። መብራት ሲሄድ ግን መዳፍሽን አትርሺ አልኳት።

አሁን ወደ አባቴ ልምጣ። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ ዲማ ላይ ድጓ ያስተምሩ ነበር። የዓመቱን ዜማ በሙሉ በቃላቸው ይዘው፣ ዓይናቸውን ከድነው፣ ተማሪው ሲሳሳት ብቻ በመቋሚያቸው መሬቱን መታ የሚያደርጉ ሰው ነበሩ። ነርስ ስሆን ደስ ብሏቸው ነበር፤ ቁስል ማጠብ ጽድቅ ነው ይሉ ነበር። ልሰናበታቸው ዲማ ሄጄ ሰመመን ልማር ነው ስላቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ። «የሰውን አእምሮ ወስደሽ የት ታኖሪዋለሽ?» ብለው ጠየቁኝ። አብሯቸው የተማረ አንድ ጓደኛቸው ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ንዳድ ይዞት፣ ራሱን ስቶ ሰንብቶ ሲነቃ ድጓው እንዳለ ጠፍቶበት ነበር። ጠዋት ማታ ከልጆች ጋር ቁጭ ብሎ እንደገና ከመጀመሪያው ሲማር፣ ሳይጨርስ ሞተ። አባቴ ያን ሰው በዓይናቸው አይተዋል። የእኔም ሥራ ለእሳቸው ሰውን እየደረደሩ ወደዚያ መስደድ ነበር።

በእኛ አገር ልጅ መንገድ ሲሄድ ጎንበስ ብሎ የአባቱን ጉልበት ይስማል፤ አባትም እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ይመርቃል። የአባቴ ምርቃት ደግሞ ረጅም ነው፤ ጎረቤት ሁሉ ቆሞ አሜን የሚልለት። ያን ለት ጉልበታቸውን ስስም እጃቸው ራሴ ላይ አረፈ። «በይ፣ በሰላም ግቢ» አሉና አነሡት። ይህ ለገበያተኛም የሚባል ነው። ዲማን ለቅቄ በእግሬ እየሄድኩ፣ ከዚያም ደጀን ላይ ከጭነት መኪናዎቹ መሐል ቆሜ የማርቆስ አውቶቡስ ስጠብቅ፣ ልቤን አንድ ነገር ሲበላው ነበር። ሳልመረቅ አዲስ አበባ መሄድ አልሆንልሽ አለኝ። ዕድሉን ለሌላ ነርስ ልተው ይሆን እያልኩ ሰነበትኩ፤ ለአቶ ታፈሰ ግን አፍ አውጥቼ አልተናገርኩም።

ጉዞዬ ሲቃረብ ታላቅ ወንድሜ አያሌው አባቴን ይዟቸው ከተፍ አለ። ለካስ ቡአ ኖሯቸዋል፣ አንጀት ወደ ብሽሽት የሚወርድበት በሽታ። ማኅሌት ቆመው ሲያድሩ እየወረደ፣ ሲተኙ እየተመለሰ፣ ለማንም ሳይናገሩ ዓመታት አስቆጥረዋል። በቅርቡ ግን ወርዶ አልመለስ ብሎ፣ ሲያጥወለውላቸው ውሎ በስንት መከራ ተመለሰ። ሐኪሙ አይተው እንደገና ከታነቀ ከዲማ ማርቆስ እስኪደርሱ የሚተርፉ አይመስለኝም፣ አሁኑኑ ይሠራ አሉ። ሕይወት ይሄን ጊዜ አቋረጠችኝና፣ ለምን ከወገባቸው በታች ብቻ አላደነዘዛችኋቸውም አለች። ዛሬ ቢሆን እንደዚያ ነበር፤ እየነቁ፣ እያወሩ ይሠራላቸው ነበር። ያኔ ያ መድኃኒት ሆስፒታላችን አልደረሰም። የነበረን ኤተር ነው፤ ኤተር ደግሞ ሙሉ እንቅልፍ ነው።

ማታውኑ ምግብም ውሃም እንዳይቀምሱ ተነገራቸው። ይህን ለአባቴ መንገር ቀላል ነገር ነው፤ ጾም ለምደው ያረጁ ሰው ናቸው። ጠዋት በቃሬዛ ኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ላይ ሲደርሱ አቶ ታፈሰ እንደ ደንቡ ጠየቋቸው። እህል አልቀመሱም። ውሃም አልቀመሱም። መሪጌታ አይዋሽም፤ አቶ ታፈሰም አምነው፣ ኤተሩ እስኪይዝ ቀድሞ የሚያስተኛውን መርፌ ማዘጋጀት ጀመሩ። እኔ ከራሳቸው በኩል ቆሜ ሳያቸው ግንባራቸው ላይ የእምነት አመድ ተቀብተዋል፤ የጋቢያቸው አንገት ደግሞ ርሷል። አያሌው ከዲማ ሲመጣ ጀሪካን አንጠልጥሎ እንደነበር ትዝ አለኝ። የእኛ ሰው ጠበልን በባዶ ሆዱ ነው የሚጠጣው፤ ጾም አያስፈታም፣ ከምግብም ከመጠጥም አይቆጠርም። እንዲያውም ክፉ ቀን ሲመጣ አብዝቶ ይጠጣል።

«አባባ፣ ጠበልስ?» አልኳቸው።

«ጠበልማ ጠጥቻለሁ» አሉ፣ ጥያቄው ገርሟቸው። «ሳልጠጣ ልገባልሽ ኖሯል?»

አያሌው ከኮሪደሩ ሆኖ አንድ ጣሳ ሙሉ፣ ከዚያም ጥቂት ተጨምሮ እንደነበር ተናገረ። አቶ ታፈሰ መርፌውን ቀስ ብለው ሳህኑ ላይ መለሱት። እሳቸውም እሑድ እሑድ ጠበል የሚጠጡ ሰው ናቸው፤ ግን ለመጠየቅ አስበውት አያውቁም፤ እኔም እስከዚያች ደቂቃ አላሰብኩትም ነበር። ሰው ሲተኛ ጉሮሮው ይላላል፤ ሆዱ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ወደ ላይ ይመጣና ወደ ሳንባው ይገባል። ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ መስመጥ ማለት ነው። አቶ ታፈሰ ይህን ለሐኪሙ አስረድተው ኦፕራሲዮኑ ለነገ ተላለፈ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ጥያቄ ከእኛ ክፍል ቀርቶ አያውቅም፤ እኔም ጡረታ እስክወጣ እያንዳንዱን በሽተኛ ጠይቄዋለሁ፤ ሲጠየቅ ተቆጥቶ ያልመለሰልኝ ጥቂት ነው።

አባቴ ግን ተቀየሙ። ለእግዚአብሔር ራሴን ሰጥቼ ገብቼ በጠበል ምክንያት መለሳችሁኝ አሉ። ከቃሬዛው ወርደው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ መቋሚያቸውን ጠየቁ። ነገ ማለዳ በመጀመሪያው አውቶቡስ ወደ አገሬ እገባለሁ አሉ። አያሌው ቢለምን አልሆነም። አቶ ታፈሰ ጠጋ ብለው፣ የዛሬው ሥራሽ ይኸውልሽ፣ ሂጂና ከአባትሽ ጋር ተቀመጪ አሉኝ። ግቢው ውስጥ ካለው ጽድ ሥር አግዳሚ ነበረች፤ እዚያ ወሰድኳቸው። ፀሐዩ ደስ ይላል። በሽተኛ ጠያቂዎች አገልግል ይዘው በፊታችን ያልፋሉ፤ መሪጌታ መሆናቸውን ያወቀ ሁሉ እየቆመ እጅ ይነሣል።

«ይህ ጭንቅላት የእኔ እንዳይመስልሽ» አሉኝ በመጨረሻ። «የመምህሬ አደራ ነው። እሳቸውም ከመምህራቸው ተቀብለው ነው። ገና ያላስመሰከሩ ተማሪዎች አሉብኝ። ሞትን አልፈራሁም፤ ባዶዬን መንቃት ነው የፈራሁት። ጠበሉንም የጠጣሁ ለዚሁ ነው።»

አባቴ ፈራሁ ሲሉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። የተማርኩትን ሁሉ ላስረዳቸው አሰብኩና ሁሉም ፍሬ ቢስ ሆነብኝ። ስለ ኤተር አንጎል ውስጥ አገባብ ምን ብዬ ለድጓ መምህር እነግራለሁ።

«አባባ፣ ሌሊት ሲተኙ ድጓው የት ያድራል?» አልኳቸው።

«ፈጣሪ ይጠብቀዋል።»

«እሱ ይጠብቅ። እኔም ከራስዎ ሥር ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። እስኪነቁ አልነሣም። ሥራዬ ያ ብቻ ነው፤ የምማረውም ይህንኑ ነው።»

የመቋሚያቸውን ጫፍ በአፈሩ ላይ ሲያዞሩ ቆዩ። ደወል ተደወለ፤ ጠያቂዎች መውጣት ጀመሩ። ያኔ ነው ቀና ብለው፣ ታዲያ ጠበሉን ከመቼ ጀምሮ ልተወው ብለው የጠየቁኝ። ከራት ጀምሮ አልኳቸው። ጀሪካኑን ለአያሌው ስጪልኝ፣ ከአጠገቤ ካደረ አልችልም አሉ። ሁለታችንም ሳቅን፤ እሳቸው ወገባቸውን ይዘው።

በማግስቱ አንድ ሌላ ነገር አመጡ። የማላውቀው ሰው አያስተኛኝም አሉ። የራስን ዘመድ ማስተኛት ደግሞ በሙያው አይወደድም፤ እጅ ያንቀጠቅጣል። አቶ ታፈሰ ትንሽ አሰቡና መርፌውን እኔ እይዛለሁ፣ አንቺ አገጫቸውን ያዢ፣ ሌላ ሌላውን ከኋላሽ ቆሜ አያለሁ አሉኝ። አባቴ ጠረጴዛው ላይ በጀርባቸው ተኝተው ከታች ወደ ላይ አዩኝ። ፂማቸው ተበጥሯል። ያለ ጥምጥም ራሳቸውን በቀን ብርሃን አይቼ አላውቅም ነበር፤ ትንሽ ሆኖ ታየኝ። ማስኩን ሳቀርብ ሽታው ደርሷቸው ፊታቸውን አጨማደዱ። ዲማ ድረስ በፀጉርሽ ይዘሽው የመጣሽው ሽታ ይህ ነዋ አሉኝ። አቶ ታፈሰ መድኃኒቱን ከመስጠታቸው በፊት፣ የኔታ እስኪ ቁጥር ይቁጠሩልን አሉ። ሁሉም በሽተኛ ይቆጥራል፤ መተኛቱ የሚታወቀው ቁጥሩ ሲቆም ነው። አባቴ ቁጥር የነጋዴ ነው ብለው እንቢ አሉ። እንግዲያ የፈለጉትን ይበሉ አሉ አቶ ታፈሰ፣ መርፌውን እየገፉ።

አባቴ ነጭ ሽንኩርት አፌ ውስጥ ሸተተኝ አሉ፤ ያ መድኃኒት ያንን ያደርጋል። ከዚያ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ክንዴን ያዙ። በዚያች በማኅሌት ድምፃቸው፣ ቀስ ብለው ጀመሩ።

«የሻረግ ልጄ፣ የያዝሽው ይባረክ። የረገጥሽው ይለምልም። ያስተኛሽው…»

እጃቸው ከክንዴ ላይ ላላ። አቶ ታፈሰ በአገጫቸው ጠቆሙኝ፤ የአባቴን መንጋጋ ሳብኩ፤ እስትንፋሳቸው መዳፌን ነካው። ኤተሩ ተከፈተ። ሐኪሙ ሥራቸውን ጀመሩ። እኔ ግን የማየው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የአባቴን አፍ። ስንት ወር የጓጓሁለት ምርቃት ከመሐሉ ተቆርጦ እዚያ ውስጥ ቀርቷል። የሰውን አእምሮ የት ታኖሪዋለሽ ያሉኝም ይህንኑ ነበር። እነሆ የት እንዳለ አላውቅም፤ ያለኝ ወደ ውስጥ የሚገባና የሚወጣ አየር ነው። የኤተር መሣሪያው ወናፍ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ደረታቸው ከፍ ዝቅ ይላል። ጣቴ ደነዘዘ፤ አቶ ታፈሰ ልቀበልሽ ቢሉኝ ራሴን ነቀነቅሁ። እስኪነቁ አልነሣም ብያለሁ።

እዚህ ላይ ስደርስ ሕይወት ሻይዋን ረስታው ቀዝቅዟል። የዛሬ መድኃኒት እንደ ሻማ ነው፣ ሲያጠፉት ይጠፋል፤ ሰው ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ይነቃል። ኤተር ግን እንግዳ ነው፤ ግባ ስትለው ይዘገያል፣ ውጣ ስትለውም ይዘገያል። ኦፕራሲዮኑ በደኅና አለቀ። አባቴን ወደ መንቂያው ክፍል ወስደን፣ አልጋ ላይ በጎናቸው አስተኝተን፣ ወንበር ስቤ ከራሳቸው በኩል ተቀመጥኩ። አያሌው ጀሪካኑን አቅፎ በር ላይ ቆሟል። አቶ ታፈሰ መጥተው የዓይናቸውን ሽፋን ገልጠው አዩ፣ የደም ሥራቸውን ያዙና ወጡ። ሰውነታቸው ደኅና እንደሆነ እኔም አውቄያለሁ። የቀረው ግን ሲነቁ ብቻ የሚታወቅ ነገር ነበር። የንዳዱ ሰው ፊቴ ላይ ይመጣብኛል፤ ከልጆች ጋር ቁጭ ብሎ ሀ ብሎ ሲጀምር።

«ከዚያስ?» አለች ሕይወት።

ከዚያማ ጠራኋቸው። «አባባ» አልኩ በጆሯቸው። ዝም። ከመስኮቱ የገባው ፀሐይ ከእግራቸው ወደ ደረታቸው መጣ። «አባባ፣ አልቋል። እኔ ነኝ፣ አልሄድኩም» አልኳቸው። ዓይናቸው አልተገለጠም። የደረቀ ከንፈራቸው ግን ተንቀሳቀሰ። ሊያስታውኩ መስሎኝ አገጫቸውን ይዤ ፊታቸውን ወደ እኔ ሳዞር፣ ድምፃቸው ሻክሮ፣ ቀስ ብሎ፣ ከተቆረጠበት ቦታ ቀጠለ።

«… ይነሣ» አሉ።

አሜን አልኩ። እጄን ግን ከአገጫቸው አላነሣሁም።